ያሳጠርኩት የእምነት ክህደት ቃል

ራሄል ዳኛ ሆና መሾሟን ከሰው አልሰማሁም፤ በገዛ እጄ ጽፌ ነው ያወቅኩት። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሁለት ጠበቆች መጡና «ዝናሽ፣ የእንኳን ደስ አለሽ ጽሑፍ አውጪልን፤ በትልቁ፣ ዳር ዳሩ አበባ ያለው» አሉኝ። «ለማን?» አልኩ። ነገሩኝ። ጻፍኩ። አበባውንም አደረግኩ። ከዚያ ሸራዬን አጥፌ፣ ሚኒባስ ይዤ አዘዞ ቤቴ ገባሁና ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም።

የሷን ታሪክ ሁሉም ያወራል። እኔም እዚያው ችሎት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የኔን የሚያወራ ግን የለም። ጡረታ የወጡ ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን ሲጽፉ አያለሁ። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጡረታ አልወጣሁም። የሥራ ዘመኔ ግን አልቋል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ቅናቴን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ደበቀች እንዳልባል። ራሄልና እኔ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ሒሳብ ከኔ ትገለብጥ ነበር። ይሄን የምለው ስሟን ላጠፋ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። አንደኛ የምወጣው እኔ፣ አራተኛ አምስተኛ የምትወጣው እሷ። በመጨረሻው ፈተና የኔ ነጥብ አልሞላም፣ የሷ ሞላ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ ሕግ ልትማር ሄደች፤ እኔ የጽሕፈት ሥልጠና ወስጄ በችሎት ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት ይደርሳል፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ ደብር ቁም ጸሐፊ ሆነው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የጻፉ ሰው ስለሆኑ ቢሮው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔን በክርስትና ስሜ፣ ወለተ ሥላሴ ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ በቆሸሸ እጅ የሰው መዝገብ አይነኩም። ቀጥሎ እስክሪብቷቸውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ያስኬዷታል፣ ስትጀምር ቀለም እንዳትተፋ።

በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ምስክር ቃል ጽፌ አሳየኋቸው። ምስክሩ «ዱላውን ብድግ አርጎ እንዲህ ቧ! አረገው» ያለውን እኔ «በዱላ መታው» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

«ወለተ ሥላሴ፣ ይሄ የማን ቃል ነው?»

«የምስክሩ ነው የኔታ።»

«ምስክሩ ያንቺን ያህል ተምሯል?»

«ኧረ አልተማረም።»

«ታዲያ ምነው እንዳንቺ ተናገረ?»

ቢሮው ሳቀ፤ እኔ ተቃጠልኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አስረዱኝ። የተከሰሰ ሰው መብቱ ብዙ ነው፤ ጠበቃ ማግኘት፣ የቀረበበትን ማስረጃ ማየት፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አለመገደድ፣ ይግባኝ ማለት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሃያ ላይ ተቀምጧል። «ይሄ ሁሉ ግን በአንቺ ጣት ነው የሚያልፈው» አሉኝ። «ዳኛ ይሰማል፣ ይረሳል። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ጭራሽ አልሰማም፤ የሚያየው አንቺ የጻፍሽውን ብቻ ነው። ሰውዬው ያላለውን ከጻፍሽበት ጠበቃ ቢቆምለት ምን ይረባዋል?»

ከሁሉ አጥብቀው የሚይዙት የእምነት ክህደት ቃልን ነበር። ክሱ ከተነበበ በኋላ ዳኛው ተከሳሹን «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው መልስ ነው። ይሄ መልስ በተቻለ መጠን ከአፉ እንደወጣ መጻፍ አለበት፤ አመነ ወይም ካደ የሚለው የዳኛ ሥራ ነው እንጂ የጸሐፊ አይደለም። የኔታ ይሄን ቃል ሲጽፉ አንገታቸውን ከወረቀቱ ቀና አያደርጉም ነበር። «ፊቱን ካየሁት እተረጉምለታለሁ» ይላሉ።

ተማርኩ። ፈጠንኩም። ተናጋሪው ሳይጨርስ የምጨርስ ሆንኩ፤ ዳኞች «ያቺን ፈጣኗን ላኩልን» ማለት ጀመሩ። አራት ዓመት በዚያ ኩራት ኖርኩ።

በአምስተኛው ዓመት ራሄል ተከላካይ ጠበቃ ሆና መጣች፤ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆመው ጠበቃ ማለት ነው። በኮሪደሩ ላይ ጥቁር ካባዋን በክንዷ ይዛ አየችኝና «ዝኑዬ!» ብላ አቀፈችኝ። አቀፍኳት። ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሥራዬ ራሄል የምትለውን መጻፍ ነው። እሷ ቆማ ትናገራለች፣ እኔ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ እለቅማለሁ። አንድ ቀን በችሎት ያለችውን ሁሉ ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ብየዋለሁ፤ ከሷ አሳምሬ ነው ያልኩት። ማን ሰማኝ?

የባሰው ደግሞ ጎበዝ መሆኗ ነው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ እንቃት ነበር፣ እንቅልፍም ይወስደኝ ነበር። የኔታ ሳይቀሩ አንድ ቀን ችሎት አይተዋት ሲመለሱ «ይቺ ልጅ መስማት ታውቃለች» አሉ። እኔን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ችሎቱ በየጊዜው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ተዘዋዋሪ ችሎት ነው። መዝገቦቹን በከረጢት ጭነን፣ ሦስቱ ዳኞች፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ራሄልና እኔ በአንድ መኪና እንሄዳለን። አንድ ቀን በመንገዳችን ኮሶዬ ላይ ለቁርስ ቆምን። ራሄል ከዳኞቹ ጋር ተቀመጠች፣ እኔ ከሾፌሩ ጋር። ከወዲያ ጠረጴዛ ሳቋ ይሰማኛል። ሾፌሩ እጄን አይቶ «ዝናሽ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ እንጀራው ምን በደለሽ?» አለኝ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ከወዲያ ዞረው አዩኝ።

ችሎቱ የተሰየመው ከኮሶዬ ባለፈች አንዲት የወረዳ ከተማ፣ በመሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። መብራት አልነበረም፤ የድምፅ መቅጃው ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ያን ቀን የተባለው ነገር ሁሉ ማስረጃው የኔ እጅ ብቻ ነው።

አያ አዛናው የሚባል፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ቀረበ። ክሱ ሰው መግደል ነው። በግጦሽ ድንበር ጠብ ተነስቶ የጎረቤት ሰው በዱላ ተመትቶ ሞቷል። በኋላ እንደተረዳነው የመታው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ያን ሌሊቱን ጠፍቶ ወደ ሳንጃ፣ ሰሊጥ ወዳለበት ቆላ ወርዷል። ደም እንዳይፋሰሱ ሽማግሎች ገብተው ሁለቱን ቤቶች አስታረቁ። በአገሩ ደንብ የበደለው ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። ወንድሙ የለም፤ ስለዚህ የቤቱ ታላቅ አያ አዛናው ድንጋዩን ተሸከመ፣ «በድያለሁ፣ ማሩኝ» አለ፣ ማሩት። ፖሊስ ይሄን ሰማና ያዘው፤ ድንጋዩን የተሸከመው እሱ ነዋ።

በአዳራሹ ውስጥ በግራ የሟች ሚስትና ወንድሞች፣ በመሃል ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ዳኛ ጠየቀው።

«ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?»

አያ አዛናው ወደ ሟች ቤተሰብ አየ፣ ወደ ሽማግሎቹ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አልጠፋኝም።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን የተሸከምሁ እኔ ነኝ። ደሙ የቤታችን ነው። ሽማግሌ ፊት በድያለሁ ብያለሁ፤ ያልሁትን አላጥፍም። ያን ዕለት ግን እኔ ማሳ ላይ ነበርሁ። እኔ አይደለሁም ብልም እነዚህ ሰዎች ታዲያ ማንን ታረቅን ይሉኛል። ጌታዬ እንዳወቁ ያርጉኝ።»

ዳኛው ጊዜ አልነበረውም፤ ከኋላ ሌላ ስምንት መዝገብ አለ። «እንግዲህ አምነሃል ማለት ነው?» አለው። አያ አዛናው አንገቱን ደፋ። ዳኛው ወደኔ ዞሮ «ጻፊ» አለኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላለኝም።

ራሄል ብድግ አለች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ያለው በሙሉ፣ ቃል በቃል ይመዝገብልኝ።»

«ጸሐፊዋ ሰምታለች።»

እዚህ ላይ ብትቀመጥ ምናለ! ወደኔ ጎንበስ አለችና፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «ዝናሽ፣ ማሳ ላይ ነበርሁ ያለውን እንዳትዘይው፣ እሺ?» አለችኝ። ልክ ለሕፃን እንደሚነገር። ዓቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ። ሒሳብ ከኔ ስትገለብጥ የነበረች ልጅ እኔን ጽሕፈት ልታስተምረኝ!

ጆሮዬ ጋለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ።» ነጥብ አደረግኩ። ዳኛው ራሱ አምነሃል ብሎታል፣ እሱም አልተቃወመም፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። እሷ ያለችውን ላለማድረግ ነው ያደረግኩት። ዳኞቹ ሳያነቡ ፈረሙ፣ ሌላ መዝገብ ተጠራ።

ከሰዓት በኋላ ሊወስኑ ሲቀመጡ መዝገቡን ገለጡ። ስምንት ሰው ካዳመጡ በኋላ የጠዋቱን የሚያስታውስ ጆሮ አልነበራቸውም፤ ያዩት የኔን መስመር ነው። ክሱን አምኗል ተብሎ ጥፋተኛ ሆነ። ራሄል ተነስታ «እንዲህ አላለም!» ብላ ስትጮህ ሰብሳቢው «መዝገቡ እዚህ አለ፤ የማይስማማሽ ከሆነ ይግባኝ በይ» አላት። አሥራ አንድ ዓመት ፈረዱበት። ከሽማግሎቹ አንዱ አጠገቡ ያለውን «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ሲጠይቅ ይሰማኛል።

ጎንደር እንደተመለስን ራሄል መዝገብ ቤት መጣች። «ዝናሽ፣ ያለውን ታስታውሻለሽ አይደል?»

«ያለው መዝገቡ ላይ ነው።»

«ዝናሽ።»

«መዝገቡ ላይ ነው አልኩሽ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ ወጣች። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ? ለመጀመሪያ ጊዜ ራሄል አንድ ነገር ከኔ ፈልጋ አጥታ ስትሄድ አየሁ።

ለይግባኙ የመዝገቡ ግልባጭ ሲዘጋጅ የሚያመሳክሩት የኔታ ናቸው። ገጹን አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወለተ ሥላሴ፣ ሰውዬው ገበሬ ነው?»

«አዎ።»

«የደጋ ገበሬ ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ አይልም። ድርጊት የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ይሄ የዓቃቤ ሕግ ቃል ነው። ሰውዬው ምን አለ?»

ለአለቃ አልተናገሩብኝም፣ አልተቆጡኝም። ንጹሕ ወረቀት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡና ለቅዳሴ ሄዱ። ሲመለሱ ወረቀቱ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ። ወረቀቱን አላነሱትም፣ እኔም አላነሳሁትም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሳምንት ሻይ ሲፈስበት ሰነበተ። በልቤ ራሄል ጎበዝ ናት አይደል፣ ራሷ ታውጣው እላለሁ። ብጽፍላት የምታሸንፈው እሷ ናት። ሰው ታስሮ እያለ እኔ የማስበው ይሄንን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የውሳኔውን ግልባጭ ለአያ አዛናው አድርሼ እንዳስፈርም ማረሚያ ቤት ተላክሁ። በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመልኝ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«እቴ፣ እኔ አላነብም። ያልሁትን አንብቢልኝ።»

«ውሳኔውን ነው?»

«ውሳኔውንማ ነገሩኝ። እኔ ያልሁትን።»

አነበብኩለት። አንድ መስመር ናት፤ ወዲያው አለቀች። ጆሮውን ወደ አጥሩ እንዳስጠጋ ቆየ፣ የምቀጥል መስሎት።

«ሌላውስ?»

«ሌላ የለም።»

«የለም? ማሳ ላይ ነበርሁ ያልሁት የት ገባ? ሽማግሌውን ያነሳሁት?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዕቃ የጠፋበት ሰው ቤቱን ሲፈትሽ እንደሚለው ነው ያለው። «ጎረቤቶቼ ይሄን ያነቡታል?»

«ማንም ሰው መዝገብ ማየት ይችላል።»

«ታዲያ ልጆቼ ሲያድጉ አባታችሁ ገደልሁ ብሏል ይሏቸዋላ።»

የፈረመውን ወረቀት ይዤ ስወጣ ታክሲ አልያዝኩም። በእግሬ ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ ሻይ የነካውን ወረቀት ጥዬ አዲስ አወጣሁና የተናገረውን ከ«ጌታዬ» እስከ «እንዳወቁ ያርጉኝ» ድረስ ጻፍኩት። ከሥሩ ይሄን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም ብዬ ፈረምኩ። የኔታ አነበቡ። «ይሄ የሱ ቃል ነው» አሉ።

ለራሄል ራሴ ወስጄ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ አፌ ላይ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ፋይሏ ውስጥ ከተተችና «ይሄ ሥራሽን ያሳጣሻል፤ አመሰግናለሁ» አለችኝ። እሱንም ከኔ አሳምራ አደረገችው።

ሥራዬን አሳጣኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ አሰናበተኝ፤ የመጨረሻ ደሞዜን ለማግኘት ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ አልናገርም። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ውሳኔውን ሽሮ፣ ቃሉን እንደገና እንዲቀበሉት መዝገቡን ለዚያው ችሎት መለሰው። በዚያ ቀጠሮ እኔ ከሕዝቡ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። በኔ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ልጅ ይጽፋል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ እጄን በላኝ።

ዳኛው ጠየቀ። ራሄል አያ አዛናውን አስቀድማ መክራዋለች፦ ዝም በል፣ ዝም ማለት መብትህ ነው፣ ዝም ካልክ እንደካድክ ተቆጥሮ ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ማምጣት አለበት። አያ አዛናው ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቢክድ እርቁ ይፈርሳል፣ ቢያምን አሥራ አንድ ዓመት ይታሰራል፤ ዝም ሲል ግን የሟች ቤተሰብ ፊት ያለውን አላጠፈም፣ ያላደረገውንም አላመነም። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ለዚህ ሰው ልክ ሆና የተሰፋች ልብስ ነበረች። ይሄን ያየችው ራሄል ናት። እኔ አንቀጹን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አይቼው አላውቅም።

ዓቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን አቀረበ። ሲመታ ያየሁት እሱን ነው ያለ የለም። ዋናው ሽማግሌ ቀርበው «ድንጋይ መሸከሙን አይተዋል?» ሲባሉ «አሸከምነው እንጂ» አሉ። «ታዲያ ገዳዩ እሱ አይደለም?»

«ልጄ» አሉት ዓቃቤ ሕጉን፣ «እኛ ያስታረቅን ቤትና ቤት ነው። እናንተ የምትፈልጉ አንድ ሰው ነው። ምነው የኛን ድንጋይ ለናንተ ሥራ ታውሉታላችሁ?»

ነፃ ወጣ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ነበር። ሚስቱ ራሄል እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ራሄል ብድግ አድርጋ አቀፈቻት፤ ሽማግሎቹ እየከበቡ መረቋት። እኔ ከአግዳሚው ተነስቼ በጎን በር ወጣሁ። ደስ ብሎኛል፣ ሰውዬው በመፈታቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ቀንቻለሁም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያ አዛናው ሸራዬ ሥር መጣ። ሲያዝ ፖሊስ ጣቢያ የቀረ መታወቂያው እንዲመለስለት ማመልከቻ ሊያስጽፍ ነው። ሳይቀመጥ አወቀኝ።

«አንቺ ነሽ ያሳጠርሽው።»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ያስረዘምሽውም አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። «ምነው? ምን አድርጌሽ?»

ለኮሚቴው ድካም ነው ብያለሁ፤ ለአባቴ ዳኛው ስላጣደፈኝ ነው ብያለሁ። ለሱ ግን መዋሸት አቃተኝ።

«ምንም አላደረግከኝም አያ። ቀንቼ ነው።»

«በኔ?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። «እጄ በካቴና ታስሮ በኔ የሚቀና ተገኘ!»

«በጠበቃህ።»

ሳቁን አቆመ። ወደ ፍርድ ቤቱ በር ተመለከተ፤ ራሄል ከሁለት ሰዎች ጋር እየተነጋገረች፣ ካባዋን በክንዷ ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነበር።

«እሷማ ታስቀናለች» አለ። «እኔም ቀንቼባታለሁ። እኔን ዝም በል ብላ እሷ ስትናገርልኝ፣ የራሴን ነገር ምነው በራሴ አፍ በተናገርሁት እል ነበር።» በርጩማውን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋው።

«በይ ጻፊ። ዛሬ የምናገር እኔ ነኝ።»